ከሁለት ያጣ ጎመን አይደለንም

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አራት ኪሎ ያለው ቢሮዬ መጣች። ዶክትሬቷን ለመጨረስ ወራት ቀርተዋታል። ጥናቷ በስታቲስቲክስ ነው፤ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመትበትን አካሄድ በቀመር ታጠናለች። ለድህረ ዶክትሬት ምርምር ልታመለክት ያሰበችው ግን የመሬት መንቀጥቀጥን ለሚያጠና የውጭ አገር ቡድን ነው፤ ለዚህም አብረን ስንዘጋጅ ከርመናል። በእጇ በወረቀት የታተመ ጽሑፍ ይዛለች፤ ግማሹ መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ገና ሳትቀመጥ፣ «ዶክተር፣ እኔስ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

ጽሑፉን ተቀብዬ አነበብኩት። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለወጣቶች ከልባቸው የሚቆረቆሩ ሰው ይመስሉኛል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ፖስትዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ በጊዜያዊ ውል የሚሠራ ምርምር፣ ሥራ ያጡ ዶክተሮች የሚጠለሉበት ርካሽ የጉልበት ገበያ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዛሬ ለሐኪም፣ ነገ ለጂኦሎጂ ባለሙያ፣ ከነገ ወዲያ ለሥነ ፈለክ ተመራማሪ አልጎሪዝም (የኮምፒዩተር የስሌት ዘዴ) እየሠራ ከሙያ ሙያ የሚዞረው ነው፤ የትም ሥር ሳይሰድ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ሆኖ ይቀራል። አልጎሪዝም መሣሪያ እንጂ ሳይንስ አይደለም። ያም ቢሆን ኮድ መጻፉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለተረከበው ሙያው አብቅቶለታል። በመጨረሻም፣ ውሃና ምግብ ለሚቸግራት ኢትዮጵያ የሳተላይትና የአልጎሪዝም ወሬ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

እኔ ይህን ሕይወት በሁለት አገር፣ በሁለት ውል ስድስት ዓመት ኖሬዋለሁ። ያቺ ልጅ ያሰመረችባቸውን መስመሮች እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያላልኩበት ዓመት ካለ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያው ነጥብ ጸሐፊው በአብዛኛው ልክ ናቸው፤ ይህን ሳላምን ወደ ሌላው ብሻገር ሐቀኛ አልሆንም። ውሉ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ቪዛው ከውሉ ጋር ያበቃል፤ ልጅ ያለው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሳያላምድ ሌላ ከተማ ማሰብ ይጀምራል። ክፍያውም ቢሆን እውነት ነው። ካንና ጊንተር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በባዮሜዲካል ሙያ ፖስትዶክ የሠሩ ሰዎች ካልሠሩት እኩዮቻቸው ያነሰ ገቢ እንደሚያገኙ፣ ልዩነቱም ከምረቃ በኋላ ባሉት 15 ዓመታት ውስጥ እንደሚታይ አሳይተዋል።

በእኔም ደርሷል። በመጀመሪያው ውሌ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ፕሮግራም በዚያው ቤተ ሙከራ ለአራት ጥናቶች ዋለ። በሦስቱ ላይ ስሜ የገባው በምስጋናው አንቀጽ ነው፤ በአራተኛው ላይ ጭራሽ የለም። ቢመረኝ ለኃላፊው ተናገርኩ። «ያንተ ሥራ እኮ ሶፍትዌር ነው» አለኝ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ያን ዕለት ማታ ጽሑፉን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ ተማሪዬ አሰምርበት ነበር።

ነገር ግን በደሉ ስላለ መንገዱን በሙሉ መዝጋት ሌላ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ያልነገሩን፣ በዚህ በደል የተንገበገቡ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አለመቀመጣቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ላይ የተሰበሰቡ ፕሮግራም ጻፊ ተመራማሪዎች ለራሳቸው የሙያ ስም አወጡ፦ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ። ዛሬ ይህ ስም የቅጥር ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ቋሚ የሥራ መደብ ነው፤ እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን ማኅበር አቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ጆርናል ኦፍ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ደግሞ ፕሮግራሙን ራሱን አስገምግሞ ያትማል፤ ሌላው ሲጠቀምበት የጻፈውን ሰው ይጠቅሳል። ዜኖዶ በሚባለው፣ የአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሰርን ማከማቻ ያስቀመጡት ኮድ ቋሚ መለያ ቁጥር ያገኛል። እኔ በሁለተኛው ውሌ ገና ከመፈረሜ በፊት፣ «የምጽፈው ኮድ በማን ስም ይወጣል? ከእኔ በፊት እዚህ የሠሩት ፖስትዶኮች ዛሬ የት ናቸው? ከሳምንቱ ስንት ቀን ለራሴ ጥያቄ ይሆናል?» ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። መልሱን ለመስጠት የሚያንገራግር ቤተ ሙከራ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው። ለተማሪዎቼም ከደመወዙ በፊት ይህን እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው።

ሰዓት ቆጣሪው ወድቆ ደቂቃ ቆጣሪው ብቻ የቀረለት የግድግዳ ሰዓት አስቡ። ቆጣሪው አሁን ሃያኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ ዞሮ ሃያ ላይ ይድረስ፣ ወይስ አምስት ጊዜ ዞሮ፣ አይነግራችሁም። በሳይንስ ውስጥ በሞገድ የሚለካ ነገር ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ሰዓት ነው፤ ማዕዘኑን እናነባለን፣ የዙሩ ብዛት ግን ጠፍቷል። የእኔ ዶክትሬት በኤምአርአይ ምስል ላይ ያንን የጠፋ ዙር ቆጥሮ የሚመልስ አልጎሪዝም መሥራት ነበር። በአንጎል ምስል ላይ ነገሩ በአብዛኛው ገር ነው። ከአንድ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ነጥብ ሲኬድ ለውጡ ከግማሽ ዙር አይበልጥም ብሎ ማመን ይቻላል፤ በዚህ እምነት ጎረቤት ከጎረቤት እየቀጠሉ ምስሉን መጠገን ነው።

ከዚያ ለፖስትዶክ የተቀጠርኩት የምድርን እንቅስቃሴ በራዳር ሳተላይት የሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው። ሳተላይቱ አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ ያነሳል፤ በመካከሉ ምድሪቱ ከተንቀሳቀሰች በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት ይናገራል። በአውሮፓው ሴንቲኔል-1 አንድ ሙሉ ዙር ማለት ምድሪቱ ወደ ሳተላይቱ ቀርባ ወይም ከእሱ ርቃ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ተንቀሳቅሳለች ማለት ነው። ዙሩ ግን እዚህም ጠፍቷል። ያው ሰዓት፣ ያው ችግር። ደስ አለኝ፤ የለመድኩትን ዘዴ ይዤ ገባሁ።

መሞከሪያ ይሁንህ ብለው የሰጡኝ የአፋርን መረጃ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከምድር ሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱን ሰነጠቀው፤ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር የደረሰበት ቦታ አለ፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ የሆነ ነው። የአገሬን ምድር ስትከፈት ያየኋት በሰው አገር፣ በመስኮቱ በረዶ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነው። አልጎሪዝሜን አስነሳሁት። ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ሠርቶ ለዓይን የሚማርክ፣ ልስልስ ያለ ካርታ አወጣልኝ። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት የጂኦሎጂ ባለሙያ ወደ ስክሪኔ ጎንበስ ብላ ጥቂት አየችና፣ «ስንጥቁን የት አደረስከው?» አለችኝ።

ስንጥቁ የለም። «ጎረቤት ከጎረቤት ከግማሽ ዙር በላይ አይለያይም» ብሎ የሚያምነው አልጎሪዝሜ፣ የተከፈለችውን ምድር እንደ ስህተት ቆጥሮ ልሶ ዘግቷታል። ለአንጎል እውነት የነበረው እምነት ለአፋር ሐሰት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አራት ወራት ያለቁት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፦ ዘዴው የት ላይ ጎረቤትን ማመን እንዳለበት፣ የት ላይ ደግሞ እንደሌለበት በምን ይወቅ? በስንጥቁ ዳርና ዳር እንቅስቃሴው ከመብዛቱ የተነሳ ዙሩ ጭራሽ የማይነበብበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሌላ ዓይነት መለኪያ ማለትም የነጥቦቹን ራሳቸውን መሸሽ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህን ከጂኦሎጂ ባለሙያዋ ጋር ቁጭ ብዬ ባልማር ኖሮ ከየትም አላገኘውም ነበር።

ጸሐፊው የሚያስቡት ዘዋሪ ነጋዴን ይመስለኛል፤ ያንኑ ሸቀጥ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው። እኔ የኖርኩት እንደዚያ አይደለም። አንድን ዘዴ ከሙያ ወደ ሙያ የሚወስድ ሰው ዘዴው በልቡ ይዞት የነበረውን፣ ማንም ያልጻፈውን እምነት ያገኛል፤ ምክንያቱም በአዲሱ አገር ያ እምነት ይሰበራል። ነገሩ በዚያም አያበቃም። ከአፋር በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራዬ ተመልሼ ሳየው፣ ከአፍንጫ ጀርባ አየር ባለበት የአንጎል ክፍል አካባቢ ዘዴዬ ለምን ሁልጊዜ እንደሚሳሳት ገባኝ። እዚያም ስንጥቅ አለ፤ የአየርና የሥጋ ድንበር። ዶክትሬቴን በሠራሁባቸው አራት ዓመታት ያላየሁትን የአፋር በረሃ አሳየኝ።

«ሥር አይሰድም» ለሚለውም ስም ልጥራ። ጆን ሀንተር ፖስትዶክ ነበር፤ ሙያው የአንጎል ጥናት ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ሞገድ በደንብ የሚያይበት ፕሮግራም ስላጣ ራሱ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ማትፕሎትሊብ ዛሬ አራት ኪሎ ያለ የፊዚክስ ተማሪም፣ አምስት ኪሎ ያለ የምሕንድስና ተማሪም ሥዕሉን የሚስልበት ነው። አሪየህ ዋርሼል የሚባለው ኬሚስት ሃርቫርድ ማርቲን ካርፕለስ ዘንድ ፖስትዶክ ሆኖ የኳንተምንና የክላሲካል ፊዚክስን ስሌት ያጋባ ፕሮግራም ጻፈ፤ በዚያ መስመር ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለቱም ከማይክል ሌቪት ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን ምስሉን ከተበታተነ የራዲዮ መረጃ ከሚገነቡት መካከል የነበረችው ኬቲ ቦውማን የኮምፒዩተር ሰው ናት፤ ያኔ ፖስትዶክ ነበረች፣ በዚያው ዓመት ካልቴክ መምህርት ሆነች። ሁሉም ሰው እነዚህን ይሆናል አልልም። እነዚህ ግን ከሁለት ያጡ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ቆመው ነው ያገኙት።

ፈላጊ ስለመኖሩም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የቀድሞው የጉግል ኃላፊ ኤሪክ ሽሚትና ባለቤቱ ዌንዲ በኢንጂነሪንግ፣ በሒሳብና በተፈጥሮ ሳይንስ ለሚሠሩ ፖስትዶኮች የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ዘዴ ማስተማሪያና መሥሪያ የሚሆን 148 ሚሊዮን ዶላር መድበዋል። በዚያው ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው ሌላው የሳይንስ ፌሎሺፕ ደግሞ ዶክትሬቱን ከሠራበት መስክ ወጥቶ ሌላ መስክ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው፤ ጸሐፊው የኮነኑት መሻገር እዚያ የመግቢያ መስፈርት ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ስኮዶፍስካ ኪዩሪ ድጋፍም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው።

«አልጎሪዝም መሣሪያ እንጂ ሳይንስ አይደለም» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ ከአውሮፓ ይልቅ ከአፍሪካ ምሳሌ ባመጣ እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምር አለን ኮርማክ የሚባል ሰው ነበር። የከተማው ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያው ስለለቀቀበት በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ እንዲሠራ ተጠየቀ። ለጨረር ሕክምና መጠን ሲሰላ የሰው ሥጋ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ ተደርጎ መቆጠሩን አየ፤ አጥንትና ሳንባ ግን አንድ አይደሉም። ከውጭ በብዙ አቅጣጫ ከተለካ ጨረር የውስጡን ካርታ እንዴት ማውጣት ይቻላል? ይህ የሒሳብ ጥያቄ ነው። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ የጠየቀው ሰው እምብዛም አልነበረም። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1917 ዮሃን ራዶን በሚባል ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ ተፈትቶ እንደነበር ኮርማክ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸለመ፤ ዛሬ ሲቲ ስካን የምንለው ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሆስፒታልና አንድ የፊዚክስ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ስለተገናኙ!

የራዶን ቀመር መጽሔት ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጦ ማንንም አላዳነም። የጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ የጋውስም እንዲሁ ነው። ዛሬ በስልካችን ድምፅና ምስል ውስጥ ሁሉ ያለውን፣ አንድን ሞገድ በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች የሚፈታውን ፈጣን የፉሪየር ስሌት ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1805 አካባቢ የሰማይ አካላትን ምሕዋር ሲያሰላ ደርሶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ኩሊና ቱኪ እንደ አዲስ አገኙት፤ ያን ጊዜ ግን ሪቻርድ ጋርዊን የሚባል የፊዚክስ ሰው ከኋላቸው ቆሞ ይገፋፋ ነበር፤ በምድር ሥር የሚፈነዳን የኒውክሌር ሙከራ ከመሬት ንዝረት ለይቶ ማወቂያ ፈልጎ። በመካከሉ 160 ዓመት አለፈ። ቀመሩ አልተለወጠም፤ የጎደለው ተሸክሞት የሚሻገር ሰው ነበር።

ሌላው ዳኒ ክሪግ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሐንዲስ። እ.ኤ.አ. በ1951 በሠራው የማስተርስ ጥናት ከጥቂት ጉድጓድ ናሙና ተነስቶ የወርቅ ክምችትን የሚገምት ዘዴ አሳየ፤ ፈረንሳዊው ጆርጅ ማትሮን በሒሳብ አደራጅቶ ስሙን «ክሪጊንግ» አለው። ዛሬ በዚሁ ዘዴ ዝናብ ይገመታል፣ የአፈር ለምነት ይሣላል፤ የማሽን ትምህርት ሰዎችም በሌላ ስም፣ ጋውሲያን ፕሮሰስ ብለው ይጠሩታል። የትኛው ላይ መሣሪያነቱ አብቅቶ ሳይንስነቱ እንደሚጀምር ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ብዙ አልቆይም። ኮድ መጻፉን ማቅለሉ እውነት ነው፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን የአፋሩን ስንጥቅ የዘጋው ኮዴ በትክክል የተጻፈ ነበር። ማሽን ቢጽፈው ኖሮ ምናልባት በፍጥነት፣ ምናልባትም ባማረ መልኩ ይዘጋው ነበር። «ስንጥቁን የት አደረስከው?» የሚል ሰውና ያ ጥያቄ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ኮድ መጻፍ በቀለለ ቁጥር የተሳሳተ እምነት ተሸክመው የሚሮጡ ፕሮግራሞች ይበዛሉና፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጉናል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የአገር ነገር፣ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ይህን ከተማ ያስጨነቀው ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከምድር ሥር እየሰረሰረ ነበር፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። እኔ ያን ሌሊት ልጆቼን ታቅፌ ከአራተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጎረቤቶቻችን ግቢው ውስጥ ጋቢ ለብሰው ቆመው፣ «አንተ የተማርክ ሰው፣ ይደገማል ወይ?» እያሉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ የምግብና የውሃ ያህል የሕይወት ጥያቄ አይደለም ልበላቸው?

የሳተላይቷን ላም በተመለከተ፣ ሴንቲኔል-1 ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምጥ ሸለቆያችንን እያነሳ ነው፤ መረጃው ለማንም በነጻ ይሰጣል። ወተቷ እየታለበ ነው፤ የሚያልባት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ መካከል አይቀመጥም። ከምድር በታች ያለውን የሚያዳምጥልንም አለን፤ ከ1957–58 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ከቢሮዬ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰሞን በቀን የሚመዘገበው ንዝረት ብዛት ዓይን ብቻውን የሚችለው አልነበረም። ለዚህ የሚያገለግለው ፌዝኔት የተባለው አልጎሪዝም የተቀዳው ዩ-ኔት ከሚባል ሌላ አልጎሪዝም ነው፤ ዩ-ኔት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው በማይክሮስኮፕ የታየን ሕዋስ ለመለየት ነበር! ሕዋስ ሊለይ የተሠራ ዘዴ የምድርን ንዝረት ለየ። ፌዝኔት የሠለጠነው ግን በካሊፎርኒያ መረጃ ነው። በፈንታሌ የሚመጣ ንዝረት የካሊፎርኒያውን ያህል ይታወቃል? ምን ያህሉን ያመልጠዋል? ይህን ለእኛ ፈትሾ የሚነግረን የውጭ ሰው የመጠበቅ ግዴታ የለብንም።

ውሃም ካሉ፣ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚገኘውን የዝናብ ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ ጣቢያ ለሌለበት ወረዳ ጭምር የአሠርት ዓመታት መዝገብ የመሥራቱ ሥራ፣ ኢናክትስ የተባለው፣ የተጀመረው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። በኋላ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተዳርሷል። ላሙ በሰማይ፣ ወተቱ በወረዳ ማለት ነው። ሥራውም ስታቲስቲክስንም፣ አየር ንብረትንም የሚያውቅ፣ ማለትም ጸሐፊው «ሥር የለውም» የሚሉትን ዓይነት ሰው ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልነኩትን እኔ ልንካ፤ እውነተኛው ጉድለት እዚህ ነውና። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው በማግሥቱ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ሦስትና አራት ኮርስ ይሸከማል። በመካከል ለሁለት ዓመት ጥያቄ ይዞ የሚቀመጥበት መደብ ብርቅ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ሁለት ምርጫ ብቻ ያያሉ፤ መሄድ ወይም በማስተማር ብዛት መታፈን። አራት ኪሎ ሳይንስ አለ፤ ሽቅብ ጥቂት ሲወጣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ። በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሒሳብም፣ ምሕንድስናም፣ ጂኦፊዚክስም፣ የሰው ዘር ቅሪት የተቀመጠበት ብሔራዊ ሙዚየምም ተደርድረዋል። ኮርማክን የሠራው በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ነው። ከሁለት ክፍል ሁለት አማካሪ ያለው፣ በሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ የማይሸከም፣ የሁለት ዓመት ውል ያለው ፖስትዶክ እዚህ መንገድ ላይ ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ጸሐፊው ብዕራቸውን ለዚህ ቢያነሱ ከጎናቸው እቆማለሁ። እስከዚያው ግን የሚሄደውን ልጅ «አትሂድ» የምልበት ምክንያት የለኝም።

ተማሪዬ ሐሙስ ዕለት ተመልሳ መጣች። የማመልከቻዋን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «ምንም እንኳ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ ባልማርም፣ የተማርኩት የወረርሽኝ ስታቲስቲክስ ብቻ ቢሆንም» የሚል የይቅርታ ዐረፍተ ነገር ጽፋለች። ጃፓናዊው ኦጋታ እ.ኤ.አ. በ1988 ስላወጣው ሞዴል ነገርኳት፤ አንድ መንቀጥቀጥ ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ የሚያሰላው፣ የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ቀመር ነው። ስሙ «የወረርሽኝ ዓይነት ተከታይ ንዝረት» ነው። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አውጥታ የይቅርታውን ዐረፍተ ነገር ሰረዘችና ከላዩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በፈንታሌ ከተመዘገቡት ንዝረቶች የትኞቹ ከሌላ ንዝረት የተጋቡ ናቸው፣ የትኞቹስ በቀጥታ ከቅልጥ ዐለቱ የመጡ ናቸው?»